ትምህርት ቤቱ የማን ነው?
በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራል መንግሥትና የክፍለ ግዛቶች የትምህርት ሥልጣን ክርክር ታሪክ

ከአንድ የትምህርት ሚኒስቴርና ከአንድ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና የወጣን ተማሪዎች፣ የዩናይትድ ስቴትስን የትምህርት አስተዳደር በቅርብ ስንመለከተው እንግዳ ነገር ይሆንብናል። በዚህ አገር ለሁሉም ትምህርት ቤት የሚያዝ ሚኒስትር የለም፤ ለአገሩ ሁሉ የወጣ አንድ ሥርዓተ ትምህርትም የለም። ሃምሳዎቹ ክፍለ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የትምህርት ሕግ አላቸው፤ ከእነርሱም በታች ወደ 13,000 የሚጠጉ የትምህርት ወረዳዎች፣ አብዛኛዎቹ የአካባቢው ሕዝብ በመረጣቸው ቦርዶች ይተዳደራሉ። ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከሚወጣው ገንዘብ ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት የሚያዋጣው አብዛኛውን ጊዜ አንድ አሥረኛ ያህሉን ነው፤ የቀረውን ክፍለ ግዛቶቹና ወረዳዎቹ በተቀራራቢ መጠን ይሸከሙታል። ሆኖም በዚችው በአንድ አሥረኛ፣ ይልቁንም ከእርሷ ጋር ተያይዞ በሚመጣው ሕግ ምክንያት፣ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የዘለቀ ክርክር ሲካሄድ ኖሯል።

ክርክሩ ዘወትር በሁለት መፈክሮች ይቀርባል። አንደኛው ወገን «ልጁን የሚያውቀው ወላጁና ጎረቤቱ ነው፤ ሩቅ ያለ ሹም ስለማያውቀው ልጅ አይወስን» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ልጁ የአገር ዜጋ ነው፤ የተወለደበት ቀበሌ ድህነት ወይም ጥላቻ ዕጣውን አይወስንበት» ይላል። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም ግን በታሪክ ውስጥ ለበጎም ለክፉም አገልግለዋል። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሻው ይህንኑ ነው። «ሥልጣኑ በማን እጅ ይሁን?» ከሚለው ጥያቄ በስተጀርባ ሁለት የበለጠ ክብደት ያላቸው ጥያቄዎች አሉ፦ «የሕዝብ ልጅ» ተብሎ የሚቆጠረው ማን ነው? የተበደለውስ ልጅ ከአንዱ ደጅ ሲመለስ አቤት የሚልበት ሌላ ደጅ አለው ወይ? (ለይተን ካላመለከትን በስተቀር ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩. ሕገ መንግሥቱ ዝም ያለበት ጉዳይ

በ1787 የተረቀቀው የዩናይትድ ስቴትስ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት አንድም ቃል አይናገርም። በ1791 የጸደቀው አሥረኛው ማሻሻያ ደግሞ ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠና ለክፍለ ግዛቶች ያልተከለከለ ሥልጣን ሁሉ ለክፍለ ግዛቶቹ ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ መሆኑን ደነገገ። የክፍለ ግዛቶችን ሥልጣን የሚደግፉ ወገኖች እስከ ዛሬ የሚቆሙት በዚህ ድንጋጌ ላይ ነው።

ይሁን እንጂ ማዕከላዊው መንግሥት ከትምህርት ጉዳይ ፈጽሞ ርቆ አያውቅም። ሕገ መንግሥቱ ከመውጣቱ በፊት በ1785 የወጣው የመሬት ድንጋጌ፣ በምዕራብ በኩል አዲስ የሚለካው መሬት በቀበሌ እየተከፈለ፣ እያንዳንዱም ቀበሌ በ36 ክፍል እየተሸነሸነ፣ ከእነዚህ ውስጥ አሥራ ስድስተኛው ክፍል ለሕዝብ ትምህርት ቤት እንዲውል አዘዘ። እንግዲህ ትምህርት የክፍለ ግዛቶች ጉዳይ ብቻ ነው በተባለበት አገር፣ ለብዙዎቹ ክፍለ ግዛቶች የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት መሬት የሰጠው ማዕከሉ ነበር። መሬቱ ከነባሮቹ ሕዝቦች የተወሰደ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እንመለስበታለን።

«ቅርብ» እና «ሩቅ» የሚባሉት ቃላትም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣሉ። በማሳቹሴትስ በ1647 የወጣው ሕግ ሃምሳ አባወራ ያለው መንደር ሁሉ አስተማሪ እንዲቀጥር ያስገድድ ስለነበር፣ ትምህርት የየመንደሩ ጉዳይ ሆኖ ለሁለት መቶ ዓመት ያህል ቆየ። በ1837 ክፍለ ግዛቱ የትምህርት ቦርድ አቋቁሞ ሆሬስ ማንን ዋና ጸሐፊ አድርጎ ሲሾም፣ የማን ዓላማ የድሃውም የሀብታሙም ልጅ በግብር በሚደገፍ በአንድ የጋራ ትምህርት ቤት እንዲማር ነበር። መንደሮቹ ግን «ከቦስተን የመጣ አዛዥ አንፈልግም» በሚል መንፈስ ተቃወሙት። በ1840 ቦርዱን ጨርሶ ለማፍረስ በምክር ቤቱ የቀረበው ሐሳብ ወደቀ እንጂ፣ ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። ዛሬ በዋሽንግተን አንጻር «ቅርብ» የሚባለው የክፍለ ግዛት መንግሥት በዚያ ዘመን ራሱ «ሩቁ እጅ» ነበር ማለት ነው።

፪. በባርነት ማግስት

በደቡብ ክፍለ ግዛቶች የአካባቢው ገዢዎች ሥልጣን ባልተነካበት ዘመን ሕጉ ምን ይል እንደነበር እናስታውስ። ሰሜን ካሮላይና በ1830 ባወጣችው ሕግ ባሪያን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገች። ቨርጂኒያም በ1831 ነጻ ጥቁሮች እንኳ ለማንበብና ለመጻፍ ትምህርት እንዳይሰበሰቡ ከለከለች። ለእነዚህ ገዢዎች ጥቁሩ ልጅ የሕዝብ ልጅ አልነበረም፤ ንብረት ነበር።

የባሪያ አሳዳሪዎቹ መፈክር «የክፍለ ግዛት መብት» ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን በ1850 ከባርነት ያመለጠውን ሰው የፌዴራል ሹሞች በሰሜን ክፍለ ግዛቶች ሳይቀር ይዘው እንዲመልሱ የሚያስገድደው ሕግ በኮንግሬስ እንዲወጣ ያደረጉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ያን ሕግ «አንቀበልም» ብላ በክፍለ ግዛት መብት ስም የተከራከረችው የሰሜኗ ዊስኮንሲን ነበረች፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1859 ፈረደባት። ከዚህ የምንረዳው፣ ለሚጠቀምበት ወገን መፈክሩ መሣሪያ እንጂ እምነት አለመሆኑን ነው።

ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ሁኔታው ለጊዜው ተለወጠ። ኮንግሬስ በ1865 ነጻ የወጡትን ሰዎች ጉዳይ የሚከታተል ቢሮ አቋቋመ፤ ይህም ቢሮ ከበጎ አድራጎት ማኅበራት ጋር በመተባበር በደቡብ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንዲከፈቱ አደረገ። ነጻ የወጣው ሕዝብ ራሱ ከድህነቱ ገንዘብና ጉልበት እያዋጣ ሕንጻ ሠራ፤ ለአስተማሪ ደመወዝ ከፈለ። በ1868 ጥቁሮች አብላጫውን ድምፅ በያዙበት ጉባኤ የተረቀቀው የደቡብ ካሮላይና ሕገ መንግሥት ያለ ዘር ልዩነት ለሁሉም ክፍት የሆነ የሕዝብ ትምህርት ደነገገ። በደቡብ ለሁሉ የታሰበ የሕዝብ ትምህርት የተወለደው እንዲህ ነው፤ የፌዴራሉ መንግሥት ጥበቃ፣ የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥትና የተበደለው ሕዝብ ትግል አንድ ላይ ሲገናኙ።

ማዕከሉ ግን ቶሎ ደከመ። በ1867 የተቋቋመው የፌዴራል የትምህርት መሥሪያ ቤት፣ ሥራው አኃዝ መሰብሰብና ማሳተም ብቻ የነበረ ቢሆንም፣ «ነገ አዛዥ ይሆናል» ተብሎ ተፈርቶ በተከታዩ ዓመት በወጣ ሕግ ወደ አንድ ትንሽ ቢሮ ዝቅ ተደረገ። በ1870 የማሳቹሴትሱ ጆርጅ ሆር ያቀረቡት ረቂቅ፣ በቂ ትምህርት ቤት በማያቋቁም ክፍለ ግዛት ውስጥ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ እንዲያቋቁም የሚፈቅድ ነበር፤ አልጸደቀም። ቀጥሎም የኒው ሃምፕሺሩ ሴናተር ሄንሪ ብሌር የፌዴራል ገንዘብ ማንበብና መጻፍ በማይችለው ሕዝብ ቁጥር ልክ ለየክፍለ ግዛቱ እንዲታደል የሚጠይቅ ረቂቅ አቀረቡ። ሴኔቱ በ1884፣ በ1886 እና በ1888 ሦስት ጊዜ አጸደቀው፤ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ግን አንድ ጊዜም ለድምፅ ሳያቀርበው ቀረ፤ በ1890 ሴኔቱም ጣለው።

የዚህ ሽንፈት ትርጉም በ1899 በግልጽ ታየ። በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በኦገስታ ከተማ የትምህርት ቦርዱ የጥቁሮቹን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ገንዘብ የለኝም» ብሎ ሲዘጋ፣ የነጮቹን ልጃገረዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መደገፉን ቀጠለ። ወላጆቹ ግብር የምንከፍል ዜጎች ነን ብለው እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሱ። ፍርድ ቤቱ በአንድ ድምፅ ያለ ልዩነት የሰጠው መልስ፣ በግብር የሚተዳደር ትምህርት ቤት የክፍለ ግዛቶች ጉዳይ ስለሆነ ግልጽ የመብት ጥሰት ካልታየ በስተቀር የፌዴራል ሥልጣን አይገባበትም የሚል ነበር። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ጆን ማርሻል ሃርላን ናቸው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ዘርን መለያየትን ሕጋዊ ያደረገውን የፕሌሲን ፍርድ ብቻቸውን የተቃወሙት ዳኛ መሆናቸው ነው። ክፍለ ግዛቱ በዳይ፣ ማዕከሉ ዝምተኛ ሲሆን ለጥቁሩ ልጅ ነገሩ ቄሱም ዝም መጽሐፉም ዝም ሆነ።

፫. የማዕከሉ እጅ ሲከብድ

እስከዚህ ያነበበ ሰው «ሥልጣኑ ከመጀመሪያው በማዕከሉ እጅ ቢሆን ኖሮ በደሉ ሁሉ በቀረ ነበር» ሊል ይችላል። እንዲህ ብሎ ከመደምደሙ በፊት ግን የፌዴራሉ መንግሥት ሙሉ የትምህርት ሥልጣን የያዘበትን አንድ መስክ ይመልከት። ይህም የአገሩ ነባር ሕዝቦች፣ ማለትም ሕንዶች ተብለው የሚጠሩት ነገዶች ትምህርት ነው።

በ1879 የጦር መኮንኑ ሪቻርድ ሄንሪ ፕራት በፔንሲልቫኒያ በካርላይል ከተማ፣ ቀድሞ የጦር ሠፈር በነበረ ቦታ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከሩቅ የመጡት ልጆች ጸጉራቸው ተቆረጠ፤ የአገር ልብሳቸው ተወሰደ፤ ስማቸው ተለወጠ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መናገር ተከለከለ። ኮንግሬስ በ1891 የነባሮቹ ልጆች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ማስገደድን ፈቀደ፤ በ1893 ደግሞ ልጁን አልሰጥም ያለ ቤተሰብ ቀለቡ እንዲያዝበት ሥልጣን ሰጠ። እዚህ ላይ የአካባቢ ቦርድ የለም፤ የወላጅ ድምፅ የለም፤ ክፍለ ግዛትም የለም። ያለው ዋሽንግተን ብቻ ነው። የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ በ2024 ባጠናቀቀው ምርመራ፣ ከ1819 እስከ 1969 በፌዴራሉ መንግሥት የተቋቋሙ ወይም የተደገፉ 417 እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች እንደነበሩና በእነርሱም ውስጥ ቢያንስ 973 ልጆች እንደሞቱ አረጋግጧል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ፕሬዚዳንት ባይደን በመንግሥቱ ስም ይቅርታ ጠየቁ።

በዚህ መስክ መድኃኒቱ የመጣው ከተቃራኒው አቅጣጫ ነበር። በ1928 የወጣው የሜሪያም ዘገባ የአዳሪ ትምህርት ቤቶቹን ጉስቁልና አጋለጠ። በ1966 በአሪዞና የናቫሆ ሕዝብ በራፍ ሮክ፣ ራሱ በመረጠው ቦርድ የሚመራና ቋንቋውን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1975 የወጣው ሕግም ነገዶቹ የትምህርት ቤቶቻቸውን አስተዳደር ከፌዴራሉ መንግሥት ተረክበው እንዲይዙ መንገድ ከፈተ። ለጥቁሩ ልጅ የአካባቢ ሥልጣን ሰንሰለት በሆነበት አገር፣ ለናቫሆው ልጅ የአካባቢ ሥልጣን ነጻነት ሆነ። ልዩነቱ ሥልጣኑ ከተቀመጠበት ቦታ ርቀት የመነጨ አይደለም፤ በቦርዱ ወንበር ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ነው።

፬. ከፋርምቪል እስከ ሊትል ሮክ

ወደ ደቡብ እንመለስ። በቨርጂኒያ በፕሪንስ ኤድዋርድ አውራጃ፣ በፋርምቪል ከተማ የነበረው የጥቁሮች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለ180 ተማሪዎች የተሠራ ሲሆን ከ450 በላይ ይማሩበት ነበር። የአውራጃው ቦርድ አዲስ ሕንጻ በመሥራት ፋንታ ቅጥራን በተቀባ ወረቀት የተለበጡ ጎጆዎች ተከለላቸው። በኤፕሪል 1951 የአሥራ ስድስት ዓመቷ ባርባራ ጆንስ ጓደኞቿን አስተባብራ ተማሪው ሁሉ ትምህርት አቁሞ እንዲወጣ አደረገች። ተማሪዎቹ የጠየቁት የተሻለ ሕንጻ ነበር። የጥቁሮች መብት ተከራካሪ የሆነው ማኅበር ጠበቆች ግን ክሱ ዘርን መለያየትን ራሱን የሚቃወም ከሆነ እንይዘዋለን አሉ፤ ተማሪዎቹና ወላጆቻቸውም ተስማሙ።

ይህ ጉዳይ ከካንሳስ፣ ከደቡብ ካሮላይናና ከደላዌር ከመጡ ሦስት ክሶች ጋር ተጣምሮ በሜይ 17 ቀን 1954 በታወቀው የብራውን ፍርድ ተወሰነ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተለያዩ ትምህርት ቤቶች በባሕርያቸው እኩል አይደሉም ሲል በአንድ ድምፅ ፈረደ። በዚያኑ ዕለት በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ላይ ተመሳሳይ ፍርድ መሰጠቱንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በፌዴራሉ መንግሥት አፍንጫ ሥር ያሉት ትምህርት ቤቶችም በዘር የተለዩ ነበሩና።

የደቡብ ገዢዎች መልስ «የክፍለ ግዛት መብት ተደፈረ» የሚል ሆነ። በ1956 አንድ መቶ አንድ የኮንግሬስ አባላት ፍርዱን የሚያወግዝ መግለጫ ፈረሙ። በሴፕቴምበር 1957 የአርካንሶው አገረ ገዥ ኦርቫል ፎበስ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች በሊትል ሮክ ወደሚገኘው ሴንትራል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዳይገቡ የክፍለ ግዛቱን ብሔራዊ ዘብ አሰለፈ። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን የአየር ወለድ ክፍል ጦር ልከው ልጆቹን በወታደር አጅበው አስገቡ። በተከታዩ ዓመት አገረ ገዥው የከተማዋን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ዘጋቸው።

ፕሪንስ ኤድዋርድ ግን ከሁሉም ባሰ። አውራጃው በ1959 ፍርዱን ከመፈጸም ይልቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን በሙሉ ዘጋ፤ እስከ 1964 ድረስም አልከፈተም። ለነጮቹ ልጆች በግል ድርጅት ስም ትምህርት ቤት ተቋቁሞ፣ ለተወሰነ ጊዜም ከክፍለ ግዛቱና ከአውራጃው ካዝና የክፍያ ድጎማ ተሰጣቸው። 1,700 ያህል ጥቁር ልጆች ግን ደጅ ቀሩ። አንዳንዶቹ ወደ ዘመድ ወይም ወደ ሌላ አውራጃ ተላኩ፤ ብዙዎቹ እነዚያን ዓመታት ዳግመኛ አላገኟቸውም። «የአካባቢ አስተዳደር» የሚለው መፈክር በዚህ አውራጃ ወደ መጨረሻው ግቡ ደረሰ፤ ልጁን ላለማስተማር ሲባል ትምህርት ቤቱ ራሱ ተሠዋ። በ1964 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በቃ ብሎ ትምህርት ቤቶቹ እንዲከፈቱ ካላስገደደ በቀር የአውራጃው ሹሞች ሐሳባቸውን የሚለውጡ አልነበሩም።

፭. ሕግና ገንዘብ ሲጣመሩ

የፍርድ ቤት ቃል ብቻውን ግን ብዙ አላራመደም። ከብራውን ፍርድ አሥር ዓመት በኋላ በቀድሞዎቹ አሥራ አንድ የኮንፌዴሬሽን ክፍለ ግዛቶች ከነጮች ጋር የሚማሩት ጥቁር ልጆች ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም ነበር። ለውጡ የመጣው ሁለት ሕጎች ሲገናኙ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍል በዘር የሚያበላልጥ ተቋም የፌዴራል ገንዘብ እንዳያገኝ ከለከለ። በኤፕሪል 1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን የፈረሙት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሕግ ደግሞ ድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ወረዳዎች ከፍተኛ ገንዘብ መደበ። የመጀመሪያው ሕግ ያለ ሁለተኛው ባዶ ማስፈራሪያ ይሆን ነበር፤ ሁለተኛውም ያለ መጀመሪያው ለአድልዎ ድጎማ ይሆን ነበር። በ1968 የትምህርት ዓመት ቁጥሩ ከመቶ ወደ ሠላሳ ሁለት ገደማ ከፍ አለ።

ይህ መንገድ ለሌሎችም በር ከፈተ። በሳን ፍራንሲስኮ እንግሊዝኛ የማያውቁ የቻይና ተወላጆች ልጆች ምንም የቋንቋ ርዳታ ሳይሰጣቸው ክፍል ውስጥ ይቀመጡ ስለነበር፣ በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዚያው በስድስተኛው ክፍል መሠረት ፈረደላቸው። በ1975 የወጣው ሌላ ሕግ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያለበት ልጅ ሁሉ ተስማሚ ትምህርት በነጻ እንዲያገኝ ደነገገ፤ ኮንግሬስ በዚያን ጊዜ እንዳመነው አንድ ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ፈጽሞ ተገልለው ነበር። ቴክሳስ ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድ ለሌላቸው ስደተኞች ልጆች የትምህርት ገንዘብ በ1975 ከልክላ ነበርና፣ በ1982 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት ክልከላውን ሻረው። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ፍርድ ልናውቀው ይገባል። ጉዳዩ ገና ያላለቀለት ወገናችን ልጁን ይዞ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ በሰነድ ምክንያት የማይመልሰው በዚህ ፍርድ ነው። የተወሰነውም በአንዲት ድምፅ ብልጫ ነው።

፮. አንዱ ደጅ ሲዘጋ

የፌዴራሉ ደጅ ግን ሁልጊዜ አይከፈትም። በቴክሳስ በሳን አንቶኒዮ ከተማ አካባቢ ከነበሩት የትምህርት ወረዳዎች ሁለቱን እንመልከት። ኤጅዉድ በሚባለው የሜክሲኮ ተወላጆች የሆኑ ድሆች ይበዙበታል፤ አላሞ ሃይትስ በሚባለው ሀብታሞች ይኖሩበታል። ትምህርት ቤት በቤትና በመሬት ግብር ስለሚተዳደር፣ በ1967–68 የትምህርት ዓመት ኤጅዉድ ከፍ ያለ የግብር ተመን ጥሎ ለአንድ ተማሪ 26 ዶላር ብቻ ሲሰበስብ፣ አላሞ ሃይትስ ዝቅ ባለ ተመን 333 ዶላር ሰበሰበ። የክፍለ ግዛቱና የፌዴራሉ ገንዘብ ሲጨመርበት ልዩነቱ ጠበበ እንጂ አልጠፋም፤ 356 በ594 ሆነ። ድሃው የበለጠ ከፍሎ ያነሰ አገኘ ማለት ነው።

በ1968 የኤጅዉድ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ሰልፍ ወጡ፤ ወላጆችም ክስ መሠረቱ። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ድምፅ በአራት፣ ትምህርት በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት የተረጋገጠ መሠረታዊ መብት አይደለም፤ የአካባቢ አስተዳደርን መጠበቅም በቂ ምክንያት ነው ብሎ ፈረደባቸው። በብራውን ጉዳይ ጠበቃ የነበሩትና በዚህ ጊዜ ከዳኞቹ አንዱ የሆኑት ተርጉድ ማርሻል በብርቱ ተቃወሙ።

የኤጅዉድ ሰዎች ግን ወደ ቤታቸው ገብተው አልተቀመጡም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ስለ ትምህርት ዝም ቢልም፣ የቴክሳስ ሕገ መንግሥት የሕዝብ ትምህርት ማቋቋምን የክፍለ ግዛቱ ግዴታ ያደርጋልና፣ በዚያው ላይ ተመሥርተው በክፍለ ግዛቱ ፍርድ ቤት አዲስ ክስ አቀረቡ። በ1989 የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኙም ዳኞች ተስማምተው የገንዘብ አደላደሉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። በሌሎችም ብዙ ክፍለ ግዛቶች ተመሳሳይ ክሶች ቀርበው አንዳንዶቹ ድል አግኝተዋል። ፕሪንስ ኤድዋርድ በክፍለ ግዛቱ የተበደለውን ማዕከሉ እንደካሰው ሁሉ፣ ኤጅዉድ በማዕከሉ የተመለሰውን ክፍለ ግዛቱ ሰማው።

፯. መፈክሩ እጅ ሲለዋወጥ

በ1979 ፕሬዚዳንት ካርተር የትምህርት መሥሪያ ቤቱን በሚኒስቴር ደረጃ የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ይኸው ሕግ መሥሪያ ቤቱ የየትምህርት ቤቱን ሥርዓተ ትምህርትና አስተዳደር እንዳይቆጣጠር ይከለክላል። ተከትለዋቸው የመጡት ሬገን መሥሪያ ቤቱን አፈርሳለሁ ብለው ነበር የተመረጡት። በራሳቸው ሚኒስትር የተቋቋመው ኮሚሽን ግን በ1983 የአገሪቱ ትምህርት አደጋ ላይ ነው የሚል ዘገባ ሲያወጣ፣ ትምህርት ብሔራዊ ጉዳይ ነው የሚለው ስሜት ይበልጥ በረታ፤ መሥሪያ ቤቱም ሳይፈርስ ቀረ።

በጃኑዋሪ 2002 ከዚያው ከሬገን ፓርቲ የወጡት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት ሕግ ከሦስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለ ተማሪ ሁሉ በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ እንዲፈተን፣ እስከ 2014ም ሁሉም ብቁ እንዲሆን አዘዘ። የድሃውና የጥቁሩ ልጅ ውጤት ተለይቶ እንዲታይ ማድረጉ በጎ ጎኑ ነበር፤ ቀድሞ በአማካይ ቁጥር ውስጥ ይሸሸግ ነበርና። ትምህርቱን ወደ ፈተና ዝግጅት ማጥበቡና ከማይደረስ ግብ ጋር ቅጣት ማያያዙ ግን ጉዳቱ ሆነ። በ2005 ወግ አጥባቂዋ ዩታ ለራሷ ሕግ ቅድሚያ የሚሰጥ ድንጋጌ ስታወጣ፣ ኮኔቲከት ደግሞ ፌዴራሉን መንግሥት ከሰሰች። በዲሴምበር 2015 ሁለቱም ፓርቲዎች ተስማምተው አብዛኛውን የውሳኔ ሥልጣን ለክፍለ ግዛቶች መለሱ።

በማርች 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የትምህርት መሥሪያ ቤቱን ለመዝጋት እርምጃ እንዲወሰድ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ፤ ከሠራተኞቹም ግማሽ ያህሉ እንደሚቀነሱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። በጁላይ ወር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ቅነሳው እንዲቀጥል ፈቀደ። መሥሪያ ቤቱን በሕግ ማጥፋት የሚችለው ግን ያቋቋመው ኮንግሬስ ነው። የእርምጃው ምክንያት «ሥልጣኑን ለክፍለ ግዛቶችና ለወላጆች መመለስ» ተባለ። ይኸው መንግሥት በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ወር ስለ ዘር ጉዳይ የሚሠሩ አንዳንድ የትምህርት ቤት ፕሮግራሞች ካልቀሩ የፌዴራል ገንዘብ ሊቋረጥ እንደሚችል በደብዳቤ አስጠንቅቆ ነበር። በአንድ እጅ ሥልጣን ሲመለስ በሌላው እጅ ትእዛዝ ሲላክ ማየት ለታሪክ አንባቢ አዲስ አይደለም፤ የ1850ን ሕግ ያስታውሳል።

፰. ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ «ማዕከል» እና «አካባቢ» የሚባሉት ቃላት በራሳቸው ተራማጅም አድኃሪም አይደሉም። ካርላይልን የሠራው ማዕከሉ ነው፤ የሊትል ሮክን ልጆች ያስገባውም እርሱ ነው። ፕሪንስ ኤድዋርድን የዘጋው አካባቢ ነው፤ ራፍ ሮክን የከፈተውም አካባቢ ነው። መፈክር ይዞ የሚመጣውን ሁሉ «በዚህ ሥልጣን የምታስተምረው ማንን ነው? የምታስቀረውስ?» ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ሁለተኛ፣ የሁለት መንግሥታት ሥርዓት ለድሃው ልጅ የሚጠቅመው ከአንዱ የተገፋው ወደ ሌላው አቤት የሚልበት መንገድ እስካለ ድረስ ነው። ሁለቱ ደጆች በአንድነት ከተዘጉ፣ በ1899 በኦገስታ እንደሆነው፣ የሥልጣን ክፍፍሉ የኃላፊነት መሸሸጊያ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አንዱም ደጅ በራሱ አልተከፈተም። የፋርምቪልና የኤጅዉድ ተማሪዎች፣ ነጻ የወጡት ባሮች፣ የናቫሆ ወላጆች አንኳኩተው ነው የከፈቱት።

ይህ ጥያቄ ከራሳችን አገር ታሪክም ጋር ይገናኛል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ በማዕከል ደረጃ በባለሙያዎች የተዘጋጀው የትምህርት ሴክተር ሪቪው መምህሩንና ወላጁን ሳያማክር ስለመጣ፣ በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቁመው መንግሥት ዕቅዱን ለማቆም ተገደደ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አድርጎ ለክልሎች ሰፊ ድርሻ ሰጠ። ከዚያ ወዲህ በመካከላችን የሚካሄደው ክርክር «ማዕከሉ ይበልጣል፣ ክልሉ ይበልጣል» በሚለው ላይ ይቆማል። በዚያው ክልል ውስጥ በቁጥር ያነሰው፣ ቋንቋው ሌላ የሆነው፣ ከቀየው የተፈናቀለው ልጅ በክልሉ ትምህርት ቤት ቢበደል ወዴት ይሄዳል? ማዕከሉ ቢበድለውስ ማን ይሰማዋል? የጥናት ክበቦቻችን በሚቀጥሉት ስብሰባዎቻቸው በቅድሚያ ሊወያዩበት የሚገባው ይህ ነው እንላለን።